አን ሱሊቫን፦ ለረባሿ ሕፃን ቃልን የሰጠች መምህርት

በየቁምስናው የሚያገለግሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በተሰበሰቡ ቁጥር ከሚያነሧቸው ጥያቄዎች አንዱ እየተደጋገመ መጥቷል። ይኸውም በክፍል ውስጥ የሚጮኽ፣ የሚማታ፣ የሚናከስ፣ መጽሐፍ የሚቀድና ሌሎቹን ልጆች የሚያሸብር፣ ነገር ግን በአእምሮው ወይም በስሜት ሕዋሳቱ ላይ ባለው ጉዳት ምክንያት ምክርና ተግሣጽ የማይደርሰው ሕፃን ቢመጣ ምን እናድርግ የሚለው ነው። አንዳንዱ መምህር ቅጣት ያስተካክለዋል ይላል። ሌላው ደግሞ ያሳዝናልና እንደ ልቡ ይሁን ይላል። የሚበዛው ግን እናቱ ቤት ትያዘው፣ ሌሎቹ በሰላም ይማሩ ብሎ ነገሩን ይደመድማል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚህ ከሦስተኛው ወገን ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ከፉሪ ተነሥታ፣ በሁለት ታክሲ እየተሳፈረች፣ ልጇን እጁን ይዛ በየእሑዱ ወደማገለግልበት ቁምስና ትመጣ ነበር። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ቢሞላውም አይናገርም። በክፍል ውስጥ ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ በድንገት ይነሣና ይጮኻል፤ ያገኘውን ይገፋል። አንድ እሑድ አግዳሚውን ወንበር ገልብጦ አንዲት ትንሽ ልጅ ተጎዳች። ከዚያ በኋላ እናቲቱን ጠርቼ ልጁ ረጋ እስኪል ድረስ ቤት እንዲቆይ ነገርኳት። አልተከራከረችም፤ እጅ ነሥታ ሄደች። በሚቀጥለው እሑድ ብቻዋን መጣች። በሦስተኛው እሑድ እርሷም ቀረች።

ረጋ እስኪል ማለት ቀላል ነው። ማን ያረጋጋዋል? በምን መንገድ? ይህን አልጠየቅሁም ነበር። ጥያቄው እንድጠይቅ ያስገደደኝ ከብዙ ዘመን በፊት ያረፈች የአንዲት መምህርት የሕይወት ታሪክ ነው። ስለዚህ ታሪኳን ለአንባብያን፣ በተለይም ለካቴኪስቶቻችን ማቅረብ ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመኗ

አን ሱሊቫን የተወለደችው ኤፕሪል 14 ቀን 1866 በሰሜን አሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር፣ ፊዲንግ ሂልስ በተባለ መንደር ነው። ወላጆቿ ከአየርላንድ የተሰደዱ ድኾች ካቶሊካውያን ነበሩ። አባቷ ሰካራም ነበር፤ ልጁንም ክፉኛ ይደበድባት ነበር። እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ነበረችና አን የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ሞተች።

አን ገና አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ዓይኖቿን ትራኮማ ያዛት። ይህ በሽታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጸናባቸው አገሮች ግንባር ቀደሟ ናት። ዝንብ የሚያርፍበት ያልታጠበ የሕፃን ፊት፣ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ የዓይን ሽፋን፣ በየብልጭታው ኳሱን የሚፍቅ ሽፋሽፍት፣ ቀስ በቀስም የሚመጣ ጨለማ፣ ይህን ሁሉ በየገጠሩ የምናየው ነው። አን ሱሊቫንም የሄደችው በዚሁ መንገድ ነበር።

እናቷ ከሞተች በኋላ አባቷ ልጆቹን ማሳደግ አቃተው። በፌብሩዋሪ 1876 አንና ታናሽ ወንድሟ ጂሚ ቴውክስበሪ ወደተባለው የድኾች መጠለያ ተላኩ። በዚያ ቦታ ድኾች፣ ሽማግሌዎች፣ በሽተኞችና የአእምሮ ሕሙማን ተደባልቀው ይኖሩ ነበር። ጂሚ የዳሌ አጥንት ነቀርሳ ነበረበትና ወራት ሳይቆይ ሞተ። አን በዚህ ዓለም የምትወደው እርሱን ብቻ ነበር። የወንድሟ ሞት በልቧ ላይ ያሳረፈው ቁስል እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ እንዳልዳነ የሕይወት ታሪኳን የጻፉ ሁሉ ይስማማሉ። በዚያ መጠለያ ለሕሙማን የሚያገለግል አንድ ካቶሊካዊ ካህን ስለ ዓይኗ አዝኖ ደናግል በሚያስተዳድሩት ሆስፒታል እንድትታከም ረዳት። ቀዶ ሕክምናው ግን ዓይኗን አላዳነውም።

ረባሽ ተማሪ

አን በመጠለያው አራት ዓመት ቆየች። ዓይነ ስውራን የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዳለ ሰምታ ነበርና በ1880 የመንግሥት መርማሪዎች መጠለያውን ሊጎበኙ በመጡ ጊዜ ከኋላቸው ስትከተል ቆይታ በመካከላቸው ገባችና መማር እንደምትፈልግ እየጮኸች ለመነቻቸው። ልመናዋ ተሰማ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ቦስተን ከተማ ወደሚገኘው ፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገባች። ፐርኪንስ በአሜሪካ የመጀመሪያው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። ለእኛ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ ከፉሪ ብዙም በማይርቀው በሰበታ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመውን የመርሐ ዕውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ማሰብ ይቻላል። ከየገጠሩ የመጡ ማየት የተሳናቸው ልጆች በጣታቸው ብሬል እያነበቡ፣ ርቀው ከሄዱት ወላጆቻቸው ይልቅ እርስ በርሳቸው እየተደጋገፉ የሚያድጉበት ቤት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አን በፐርኪንስ ጥሩ ተማሪ አልነበረችም። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ግን ማንበብ አትችልም፤ ስሟን እንኳ መጻፍ አታውቅም። ከእርሷ በብዙ ከሚያንሱ ሕፃናት ጋር ተቀመጠች። ልጆቹ ሳቁባት። እርሷም በመጠለያው የተማረችው ራስን የመከላከያ መንገድ አንድ ብቻ ነበርና ተሳደበች፣ ተቆጣች፣ ከመምህራን ጋር ተጋጨች። ልትባረር የተቃረበችበት ጊዜም ነበር። አንዳንድ መምህራን ግን ቁጣዋን አልፈው ሴት ልጇን አዩ። በተለይም የቤቱ እናት የነበሩት ወይዘሮ ሶፊያ ሆፕኪንስ እንደ ልጃቸው ቀረቧት፤ ትምህርት በሚዘጋበት ወራት መሄጃ ስላልነበራትም ወደ ቤታቸው ይወስዷት ነበር። በዚሁ ዘመን የተደረገላት ቀዶ ሕክምና ብርሃኗን በከፊል መለሰላትና የታተመ ጽሑፍ ለማንበብ በቃች። ያቺ ፊደል ያልቆጠረች ልጅ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1886፣ ከክፍል ጓደኞቿ አንደኛ ሆና ተመረቀች።

በፐርኪንስ ያገኘችው ሌላም ሀብት ነበር። ማየትም መስማትም የተሳናት ላውራ ብሪጅማን በዚያው ቤት ትኖር ነበር። ይህች ሴት ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት በጣት ፊደል አማካይነት ቋንቋ የተማረች ናት። የጣት ፊደል ማለት ፊደላቱን በጣቶች ቅርጽ እየሠሩ በሌላው ሰው መዳፍ ውስጥ በማሳረፍ ቃል መጻፍ ነው። አን ከላውራ ጋር ለመነጋገር ስትል ይህን ጥበብ ተማረች። ለምን እንደሚጠቅማት ያን ጊዜ አታውቅም ነበር።

በኬለር ቤት

በሰሜን አሜሪካ፣ በደቡባዊቷ አላባማ ክፍለ ሀገር፣ በተስከምቢያ ከተማ፣ ሻምበል አርተር ኬለርና ባለቤታቸው ኬት የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ልጃቸው ሄለን ጁን 27 ቀን 1880 ጤነኛ ሆና ተወለደች። በአሥራ ዘጠኝ ወሯ ግን ኃይለኛ ትኩሳት ያዛት፤ ከበሽታው ስትድን ዓይኗም ጆሮዋም ተዘግተው ተገኙ። መስማት ያቆመችው ቃል መናገር በጀመረችበት ዕድሜ ስለሆነ አንደበቷም አብሮ ተዘጋ።

ሄለን ስታድግ ብልህነቷ በብዙ ነገር ይታይ ነበር። ራሷ የፈጠረቻቸው ከስድሳ የማያንሱ የእጅ ምልክቶች ነበሯት። ነገር ግን ሰዎች በከንፈራቸው አንዳች ነገር እንደሚለዋወጡ በእጇ ዳስሳ ታውቃለች፤ እርሷም ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ የሚመልስላት ግን የለም። ያን ጊዜ ትጮኻለች፣ ትራገጣለች፣ እስክትደክም ድረስ በመሬት ላይ ትንከባለላለች። ይህ ቁጣ በየቀኑ፣ አንዳንድ ጊዜም በየሰዓቱ የሚመጣ ሆነ። እናቷን በጓዳ ቆልፋባት ለሰዓታት አሰረቻት። ታናሽ እኅቷ የተኛችበትን የሕፃን አልጋ ገለበጠችው፤ እናቲቱ ባትደርስ ኖሮ ሕፃኗ በሞተች ነበር። ዘመድ አዝማዱ ልጅቷን ወደ አንድ መጠለያ መላክ እንደሚሻል ያወሩ ጀመር። ወላጆቿ ግን ከሐኪም ወደ ሐኪም ተንከራተው፣ በመጨረሻም የስልክ ፈልሳፊ የሆነውንና መስማት ለተሳናቸው ብዙ የደከመውን አሌክሳንደር ግራሃም ቤልን አማክረው ለፐርኪንስ ትምህርት ቤት ጻፉ። የትምህርት ቤቱ አለቃም አን ሱሊቫንን መረጡ። በማርች 3 ቀን 1887 የሃያ ዓመቷ መምህርት በተስከምቢያ ከባቡር ወረደች። ሄለን ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርቷት ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አን ያገኘችው የሚያስፈራ ነገር ነበር። ሄለን መምህርቷን ትመታታለች፣ ትቆነጥጣታለች፤ አንድ ቀንም በፎቅ ክፍል ቆልፋባት ቁልፉን ደበቀችው። ሻምበል ኬለር መሰላል አምጥተው መምህርቷን በመስኮት አወረዷት። አን ግን ከቁጣው ይልቅ ሌላ ነገር አስተዋለች። በዚያ ቤት ሁሉም ሰው ለሕፃኗ ይታዘዛል። ስትጮኽ ጣፋጭ ይሰጣታል፤ ስትማታ የፈለገችው ይደረግላታል። ወላጆቿ ያን የሚያደርጉት ከፍቅርና ከኀዘን ነው። ሆኖም ሳያውቁት ጩኸት የሚያዋጣ ቋንቋ መሆኑን በየቀኑ ያስተምሯት ነበር።

የቁርስ ገበታው

ሄለን በገበታ ዙሪያ እየዞረች ከእያንዳንዱ ሰው ሳህን የወደደችውን በእጇ እያነሣች ትበላ ነበር። አን ከሳህኗ እንድታነሣ አልፈቀደችላትም። ሄለን በወለሉ ላይ ወድቃ ጮኸች፤ ቤተ ሰቡም ታውኮ ከክፍሉ ወጣ። አን በሩን ቆለፈችና ቁርሷን መብላት ቀጠለች። ልጅቷ ወንበሩን ከሥሯ ለመጎተት ሞከረች፤ ቆነጠጠቻት፤ አንም በቆነጠጠቻት ቁጥር መታቻት። ኋላ ሄለን በየወንበሩ ስትዳስስ ማንም እንደሌለ ተረድታ ወደ ሳህኗ ተመለሰች። ማንኪያውን ወረወረች፤ አን አስነሣቻት። በብዙ ትግል ቁርሷን በማንኪያ በላች። ከዚያ ደግሞ የገበታ ፎጣዋን ለማጠፍ ሌላ አንድ ሰዓት ያህል ተፋለሙ። በመጨረሻ ልጅቷ ወደ አትክልቱ ስፍራ ወጣች። መምህርቷ ግን ወደ ክፍሏ ገብታ በአልጋዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ይህን ታሪክ ስንተርክ አንድ ነገር ሳንሸፍን መናገር ይገባናል። አን ሱሊቫን ልጅቷን መትታለች፤ በጉልበትም ይዛታለች። በዘመኗ ይህ እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር። ዛሬ ግን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያዎች ይህን መንገድ አይቀበሉትም። መምታት ፍርሃትን ይጨምራል እንጂ ቃልን አይሰጥም። ስለዚህ ከአን የምንማረው በትሯን አይደለም። ደግሞም ራሷ በጉልበት ያገኘችው ድል እንደማያዘልቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተረድታ ሌላ መንገድ ፈለገች።

ትንሿ ቤት

አን ለወላጆቹ ያስረዳቻቸው ነገር ይህ ነበር። መታዘዝ እውቀትም ፍቅርም ወደ ሕፃን ልብ የሚገቡበት በር ነው፤ ነገር ግን ቤተ ሰቡ በመካከል እየገባ ሁልጊዜ ለልጅቷ እስካደላ ድረስ በመምህርቷ የምትታመንበት ጊዜ አይመጣም። ስለዚህ ለብቻቸው እንዲሆኑ ጠየቀች። ወላጆቹ ከብዙ ማመንታት በኋላ ፈቀዱ። ከትልቁ ቤት አጠገብ የነበረች አንዲት ትንሽ ቤት ተዘጋጀች፤ የቤት ዕቃው ቦታው ተለዋወጠ፤ ሄለን የት እንደምትሄድ እንዳታውቅ በሠረገላ ብዙ ዞረው አመጧት። ወላጆቿ በየቀኑ በመስኮት ያዩዋት ነበር፤ እርሷ ግን አታውቅም።

የመጀመሪያው ሌሊት ከባድ ነበር። ሄለን በአልጋው ላይ ከመምህርቷ ጋር አልተኛም ብላ ሁለት ሰዓት ያህል ታገለች። ከዚያ በኋላ ግን ቀኑ ሥርዓት ያዘ። የመነሻ ሰዓት፣ የመልበሻ ሰዓት፣ የመብያ ሰዓት፣ ዶቃ የመሰካት ሥራ፣ በኪሮሽ ክር የመጥለፍ ሥራ፣ የጣት ፊደል፣ ሽርሽር፣ ሁሉም በየተራው በየቀኑ ተደጋገመ። ለማታይና ለማትሰማ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ራሱ ትልቅ ዕረፍት ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቁጣው በረደ። ልጅቷ በመምህርቷ ጉልበት ላይ ለመቀመጥ ፈቀደች። አባቷ የቤቱን ውሻ ይዘው በመጡ ጊዜም ሄለን ከውሻው አጠገብ ተቀምጣ የተማረችውን ፊደል በውሻው መዳፍ ላይ ስትጽፍ ታየች። ትርጉሙ ገና አልገባትም፤ ነገር ግን ማስተማር ጀምራ ነበር።

በዚህ ስፍራ ካቴኪስቶች የሚያውቁትን አንድ የወንጌል ታሪክ ማስታወስ አይከፋም። ጌታችን ደንቆሮና ተብታባ የሆነውን ሰው በፈወሰ ጊዜ በመጀመሪያ ከሕዝቡ መካከል ለይቶ ለብቻው ወሰደው፤ ጣቶቹንም በጆሮዎቹ አገባ። ለማይሰማ ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ በመዳሰስ ተናገረው። ብዙ ሕዝብ ባለበት ጫጫታ መሃል የሚታወክ ልጅም በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ይኸው ይመስለኛል።

ወደ ትልቁ ቤት ሲመለሱ ነገሩ ሁሉ አላለቀም ነበር። በመጀመሪያው ምሽት ሄለን የገበታ ፎጣውን ወረወረች፤ ገበታውንም መራገጥ ጀመረች። መጠየቋ ነበር፤ የድሮው ሕግ ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም ማለቷ ነበር። ከዘመዶቹ መካከል ልጅቷ ምግቧን መከልከሏ የሚያሳዝነው አልጠፋም። አን ግን ጸናች። በማግስቱ ሄለን ፎጣዋን ራሷ አንገቷ ላይ አስራ ተገኘች።

ውሃ

ኤፕሪል 5 ቀን 1887 ጠዋት ሄለን ኩባያና ውሃ የሚሉትን ቃላት እያምታታች መምህርቷን አስቸገረች። አን አዲሱን አሻንጉሊት ብትሰጣት ሄለን ተናድዳ ወለሉ ላይ ከሰከሰችው። ምንም አልተጸጸተችም፤ ሰባሪዋ በእግሯ ስትነካው ይበልጥ ደስ አላት። አን ስብርባሪውን ጠርጋ ልጅቷን ወደ ውጭ አወጣቻት። በግቢው ውስጥ ባለው የውሃ መሳቢያ አንድ ሰው ውሃ ይቀዳ ነበር። አን የልጅቷን አንድ እጅ ከሚወርደው ውሃ ሥር አድርጋ በሌላው መዳፏ ላይ ውሃ የሚለውን ቃል ጻፈች፤ በመጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በፍጥነት። ሄለን ቆመች። ያ የጣቶች እንቅስቃሴ በእጇ ላይ የሚፈስሰው ቀዝቃዛ ነገር ስም መሆኑ ገባት። ያን ቀን እየሮጠች የነካችውን ሁሉ ስም ጠየቀች፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ሠላሳ ያህል ቃላት ተማረች። የመምህርቷንም ስም ጠየቀች፤ መምህርት የሚለው ቃል በመዳፏ ተጻፈላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አን ለሄለን ሌላ ስም አልነበራትም።

ስለ ውሃው ብዙ ተጽፏል፤ ተውኔትና ፊልምም ተሠርቶለታል። ለእኛ ግን ከውሃው ይልቅ ቀጥሎ የሆነው ነገር ይበልጣል። ሄለን ወደ ቤት ስትገባ የሰበረችው አሻንጉሊት ትዝ አላት። ወደ ምድጃው አጠገብ ሄዳ ስብርባሪውን አነሣች፤ ሊገጥምላት ሞከረች፤ አልገጠመም። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ንስሐና ኀዘን ተሰማት፤ አለቀሰችም። ይህን ኋላ ሄለን ራሷ በሕይወት ታሪኳ መስክራለች።

ጠዋት ስትሰብረው ያልተጸጸተች ልጅ ከሰዓታት በኋላ ስለ ምን ተጸጸተች? በመካከሉ ማንም አልገሠጻትም፤ ማንም አልቀጣትም። የተጨመረላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃል። የነገሮችን ስም ስታውቅ ያደረገችውን ነገርም ለይታ አወቀች። ስም የሌለውን ነገር መመኘት እንጂ መጸጸት አይቻልም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሥርዓቱን እናገለብጠዋለን፤ ልጁ መጀመሪያ ይጸጸት፣ ከዚያ እናስተምረዋለን እንላለን።

መንገዷን ያረመች መምህርት

የአን ሌላው ትልቅነት ራሷን ማረሟ ነው። መጀመሪያ ላይ ለሄለን የትምህርት ሰዓት መድባ በጠረጴዛ ዙሪያ ታስተምራት ነበር። በዚያው የጸደይ ወቅት ግን አፏን መፍታት የጀመረች የሄለን ዘመድ የሆነች ሕፃን አየችና አሰበች። ሕፃን ቋንቋን የሚማረው በክፍል ተቀምጦ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ሲነገር እየሰማ ነው። ስለዚህ የጠረጴዛውን ትምህርት ተወችና ለሕፃን ጆሮ እንደሚነገረው በሙሉ ዐረፍተ ነገር በሄለን መዳፍ ላይ መናገር ጀመረች። ትምህርቱ ወደ ሜዳ፣ ወደ ዛፍ ሥር፣ ወደ ወንዝ ዳር ወጣ። ሄለን ከመጋቢት ገደማ እስከ ሰኔ ባሉት ከሦስት ወር ብዙም በማይበልጡ ጊዜያት ውስጥ ደብዳቤ በእርሳስ ለመጻፍ በቃች። ቁጣዋ በአንድ ቀን ባይጠፋም ምክንያቱ እየጠፋ ሄደ፤ በእግር መራገጥ የሚባለውን በጣት መናገር ተችሏልና።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። መምህርትና ተማሪ አርባ ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖሩ። ሄለን ራድክሊፍ ኮሌጅ ገብታ በ1904 በማዕረግ ስትመረቅ አን በየክፍሉ አጠገቧ ተቀምጣ የመምህራኑን ቃል በመዳፏ ስትጽፍላት ነበር። ማታ ማታም በታመሙ ዓይኖቿ መጻሕፍቱን አንብባ በጣቶቿ ታስተላልፍላት ነበር። በ1905 ጆን ሜሲ የሚባል ጸሐፊ አገባች፤ ትዳሩ ግን አልሰመረም። በሥራዋ የተጠራጠሯት፣ ልጅቷ የምትናገረው የመምህርቷን ሐሳብ ብቻ ነው ያሉም ነበሩ። ለቁጣ ፈጣን፣ ለኀዘን ቅርብ የሆነው ጠባይዋ አልለወጣትም። ከተጠመቀችባት ቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ርቃ ኖረች፤ ይህን ሸሽገን ቅድስት ልናደርጋት አይገባም። ዓይኖቿ ዳግመኛ ደክመው በዕድሜዋ ማምሻ ፈጽሞ ጨለሙ። ኦክቶበር 20 ቀን 1936 በኒው ዮርክ፣ ፎረስት ሂልስ፣ በሰባ ዓመቷ ዐረፈች። አመድዋ በዋሽንግተን ብሔራዊ ካቴድራል ዐረፈ፤ ሄለን ኬለርም በ1968 ስታርፍ ከመምህርቷ አጠገብ ተቀመጠች።

ከሕይወቷ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ረብሻ ንግግር ነው። መናገር የማይችል ልጅ ሲጮኽ፣ ሲማታ፣ ሲናከስ አንድ ነገር እየነገረን ነው፤ ወይ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ወይ ከአንድ ነገር ይሸሻል፤ ወይ ያመዋል። ስለዚህ መምህሩ ምን አጠፋ ብሎ ከመጠየቁ በፊት ከጥፋቱ ቀድሞ ምን ነበር፣ ከጥፋቱ በኋላስ ምን አገኘ ብሎ ይጠይቅ። ይህን ለጥቂት ሳምንታት በደብተር መዝግቦ የያዘ ካቴኪስት ብዙ ነገር ይገለጥለታል።

ሁለተኛ፣ ጩኸትን ለማስቆም የሚሰጥ ከረሜላ ጩኸትን ያሳድጋል። በትርም እንዲሁ ነው። ልጁ ያንኑ ነገር በሰላም የሚጠይቅበት ሌላ መንገድ ይሰጠው፤ የእጅ ምልክት ቢሆን፣ ሥዕል ያለበት ካርድ ቢሆን፣ እጅጌ መያዝ ቢሆን። በዚያ መንገድ በጠየቀ ጊዜ ደግሞ ወዲያው ይመለስለት።

ሦስተኛ፣ ቤትና ክፍል አንድ ሕግ ይኑራቸው። አን የተሸነፈችው ቤተ ሰቡ ሲለያይ ነው፤ ያሸነፈችውም ቤተ ሰቡ ሲስማማ ነው። ልጁን ከሁሉ የምታውቀው እናቱ ናት።

አራተኛ፣ እንዲህ ያለውን ልጅ የሚረዳ መምህር ራሱ አንድ ጊዜ የተናቀና የተቆጣ፣ ኋላም የተወደደ ሰው ነው። አን ሄለንን አልፈራቻትም፤ በፐርኪንስ የነበረችውን ራሷን አይታባት ነበርና።

በአገራችንም ይህን መንገድ የጀመሩ አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማእከልን አቋቋሙ። በየቤቱ ተደብቀው የነበሩ ልጆችም ወደ ብርሃን እንዲወጡ እስካረፉበት እስከ 2020 ድረስ ደከሙ። እርሳቸውም የጀመሩት የራሳቸው ልጅ የሚለውን ለመስማት በመፈለግ ነው።

ወደ ጀመርኩት ነገር ልመለስ። ይህን ታሪክ ደግሜ ካነበብኩ በኋላ ያቺን እናት ለመፈለግ ወደ ፉሪ ሄድኩ። ቤቷን ጠይቄ አገኘሁ፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። ከዚያም አስቀድሞ ልጠይቃት ይገባኝ የነበረውን ጠየቅሁ፤ ልጁ ከመጮኹ በፊት ምን ያደርጋል? ሳታመነታ መለሰችልኝ። በመጀመሪያ ጆሮውን ይይዛል፤ ቀጥሎ ነጠላዋን ይጎትታል፤ ያን ጊዜ ከቦታው ካላወጣችው ይጮኻል። ያን ጊዜ በክፍላችን አጠገብ የመዘምራን ቡድን ከበሮ ይለማመድ እንደነበረ ትዝ አለኝ። ልጁ በየእሑዱ ጆሮውን ሲይዝ ሁላችን አይተናል። ያነበበው ግን አልነበረም።

አሁን ልጁ ይመጣል። በበሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ አንድ ካቴኪስትም ከአጠገቡ አይለይም። የካቴኪስቱን እጅጌ በጎተተ ጊዜ ተነሥተው ወደ ግቢው ይወጣሉ፤ ጥቂት ዞረው ይመለሳሉ። የመዘምራኑ ልምምድም ወደ ሌላ ሰዓት ተዛውሯል። ልጁ እስከ ዛሬ ቃል አልተናገረም፤ አልፎ አልፎም ይጮኻል፤ አንድ ቀን ሊማታ ይችል ይሆናል። ስሙ ግን ከሌሎቹ ልጆች ስም ጋር በክፍሉ መዝገብ ላይ ተጽፏል፤ በየእሑዱም ይጠራል።